እትዬ ለምን ሳትጠይቅ የቀረችው

ሰው ቅጽል ስም የሚወጣለት ባስደሰተበት ብቻ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ባሰለቸበትም ይወጣለታል። እቺን ሴት "እትዬ ለምን" ያሏት የምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሰዎች ናቸው፤ ያሏትም ስላሰለቸቻቸው ነው። ከምድር ቤቱ የልብስ እጥበት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ያልጠየቀችው ነገር የለም። እራት ለምን በአሥራ አንድ ሰዓት ይቀርባል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማን ይርበዋል? የሳሎኑ ወንበሮች ለምን እንደ አውቶቡስ በተርታ ቴሌቪዥን ፊት ይደረደራሉ፣ ሰው የሰው ጀርባ እያየ በምን ይጫወታል? ቁጥር ሠላሳ የሚባሉት አዛውንት ፒጃማቸውን ለምን ገልብጠው ይለብሳሉ? የነርሶቹ ኃላፊ፣ ሁሉም "ሲስተር" የሚላት፣ ጥያቄው ሲበዛባት "አንቺ ሴትዮ፣ የተቀጠርሽው ለእጥበት ነው ወይስ ለምርመራ?" ትላታለች። እትዬ ለምንም "ለእጥበት ነው፤ ግን ለምን ጠየቅሽኝ?" ትላለች። ከእሷ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

እንግዲህ ክፍሏን ላሳያችሁ። ሁለት ማጠቢያ ማሽኖች አሉ፤ አንደኛው ሲጨምቅ እየዘለለ ከቦታው ስለሚሄድ በእግሯ ገፋ አድርጋ ትመልሰዋለች። ካውያ አለ፣ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ የስፌት መኪና አለ፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ የመንገደኛ ጫማ ብቻ የሚታይባት ጠባብ መስኮት አለች። ልብስ በጆንያ ይወርድላታል፣ ታጥቦ ተተኩሶ በጋሪ ይወጣል። እሷ ራሷ ወደ ላይ የምትወጣው በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ግን ሠላሳ ስምንቱንም ነዋሪዎች በልብሳቸው ታውቃቸዋለች። ማን ሻይ እንደሚያፈስ፣ ማን ዳቦ ኪሱ ውስጥ እንደሚደብቅ፣ ካለፈው ወር ወዲህ የማን ወገብ እንደቀጠነ ከእሷ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

አንድ የምትኮራበት ነገር አላት። በእሷ ጊዜ አንድ ልብስ ጠፍቶ፣ ወይም የአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ አያውቅም። እያንዳንዱ ነዋሪ ቁጥር አለው። እሷ ቁጥሩን በማይለቅ ቀለም ነጭ ጥብጣብ ላይ ትጽፍና ኮሌታው ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ ልክ ማጅራት ላይ ትሰፋዋለች። በወፍራም የናይለን ክር፣ በሦስት ቋጠሮ። "የእኔን ስፌት ጅብ ቢጎትተው አይለቅም" ትላለች አፏን ሞልታ። የሠራተኛውም ጋዋን እዚያው ስለሚታጠብ ለሠራተኛውም ሰፍታለች፤ ለራሷም ጭምር። ሌላው ሠራተኛ ጋዋኑን በሸሚዝ ላይ ይደርባል፣ እሷ ግን የክፍሉ ሙቀት ስለማያስችላት በገላዋ ላይ ነው የምትለብሰው። አመሻሽ ላይ ማጅራቷን እያከከች "ይሄ ሳሙና ሊጨርሰኝ ነው" ትላለች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ሰኞ ጆንያውን ስትዘረግፍ ቁጥር የሌለው ሸሚዝ ወጣ። በማግስቱ ሁለት ወጡ። ሳምንቱ ሲያልቅ ስምንት ደረሱ። አብሮ የወረደው ወረቀት "ተቀዷል" ይላል። እትዬ ለምን መነጽሯን አድርጋ ወደ ብርሃን ጠጋች። የቱ ነው ቀዳዳው? ጨርቁ ላይ አንድ ጭረት የለም። መቀስ አልነካውም። ሦስቱም ቋጠሮ በጥፍር ተፈትቶ፣ ክሩ ሳይበጠስ ተስቦ ወጥቷል። ያ ጅብ ቢጎትተው አይለቅም የተባለለት ስፌት።

"ይሄ የቀዳጅ እጅ አይደለም" አለች ለማሽኑ፤ ብቻዋን ስለምትሠራ ከማሽኑ ጋር ታወራለች። "ይሄ የተርታሪ እጅ ነው። ሙያ ያለው እጅ ነው።" ንዴትና አድናቆት ተደባልቆባት ማን ይሆን፣ ማን ይሆን ስትል ሰነበተች።

በተከታዩ ማክሰኞ ሲስተር ራሷ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ወፍራም ሸራ ይዛለች።

"የእጅ ከረጢት ስፊልኝ" አለች። "አንጓው ላይ የሚታሰር፣ ጣት የማያስወጣ፣ ጥንድ። ለሐሙስ ይድረስ።"

"ለማን?"

"ለእማማ ዝም።"

እማማ ዝም ከአምስት ወር በፊት የገቡ አሮጊት ናቸው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን አድክሞ አንደበታቸውንም ዘግቶት ነው የመጡት። እግራቸውን እየጎተቱ መሄድ ቢችሉም አብዛኛውን ቀን መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። ስሙን ያወጣላቸው አንድ ቀልደኛ ነዋሪ ነው፤ "ዝም አይነቅዝም፣ ከእኛ ሁሉ በላይ ይኖራሉ" ብሎ።

"ምን አደረጉ?" አለች እትዬ ለምን።

"ሰው ያንቃሉ። ከኋላ ቀስ ብለው ይመጡና ማጅራት ይይዛሉ። ትናንት ሹፌሩ የምንላቸውን አዛውንት ቴሌቪዥን እያዩ ያዟቸውና ታነቅሁ ብለው ቤቱን አናጉት። ሥራ አስኪያጁ ወስኗል። እጃቸው ይሸፈናል፣ ከዓርብ ጀምሮ ደግሞ ላይኛው ፎቅ ለብቻቸው ይቆለፍባቸዋል።"

"ለምን?"

"አሁን ነገርኩሽ እኮ።"

"ለምን ይሸፈናል አላልኩም። ለምን ያንቃሉ?"

"ስትሮክ የመታው ጭንቅላት ለምን የለውም" አለች ሲስተር ግንባሯን እያሸች። ክፉ ሴት አይደለችም። ለሠላሳ ስምንት ሰው በአንድ ፈረቃ ሦስት ሆነው ነው የሚሮጡት፤ ሲሮጥ የዋለ ሰው ደግሞ ጥያቄ አይወድም። ሸራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እትዬ ለምን ሸራውን ነካ አድርጋ እጇን መለሰች። ይህን ጨርቅ እጇ ያውቀዋል። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ያለውን ከረጢት አንድ ጊዜ ሰፍታለች፤ ጋሽ መምህር ለሚባሉ፣ ነገሩ ሁሉ ለተምታታባቸው፣ ራሳቸውን እስኪደሙ ለሚያክኩ አዛውንት። ያን ሳምንት አንዱ ማሽን ተበላሽቶ የዚያን ሁሉ ሰው አንሶላ በእጇ ታጥብ ነበር። ስፊ አሏት፣ ሰፋች። ያቺ ሁሉን ጠያቂ ሴት ያን ቀን "ለምን" አላለችም። ጋሽ መምህር ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖሩ። ከረጢቶቹ በየሳምንቱ ለእጥበት ሲወርዱ ጫፋቸው ታኝኮ ይመጣ ነበር። እሷም አጥባ፣ የታኘከውን ጠግና መልሳ ትልክ ነበር። ይህን ለማንም አውርታው አታውቅም። አሁን ግን ብትል ብትሠራ እጇ መቀሱን አላነሳ አላት።

ረቡዕ ጠዋት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ደረጃውን ወጣች።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ?" አለች ሲስተር።

"ልኬት ልወስድ።"

"ለከረጢት ደግሞ ምን ልኬት ያስፈልገዋል?"

"እኔ ሳልለካ አልሰፋም" አለች እትዬ ለምን። ውሸቷን ነው፤ ለጋሽ መምህር አልለካችም። "ለመሆኑ እማማ ዝም ሥራቸው ምን ነበር?"

ሲስተር ማኅደሩን አገላበጠች። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። የደም ግፊት፣ የሆድ ድርቀት፣ የጥርስ ነገር፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ክኒን። "ባሕርይ፦ ሰው ያጠቃሉ" የሚል መስመርም አለ። ሥራቸው የለም። የሚወዱት ነገር የለም። "አልተጻፈም" አለች፤ ራሷንም ገረማት መሰል ሁለተኛ አገላበጠችው።

እትዬ ለምን ሳሎን የገባችው በኋላው በር ነበር። ፊት ለፊቷ ወንበሮቹ በተርታ፣ ከየወንበሩ በላይ ማጅራት በተርታ። ቆም ብላ አየች። አንድ እጅ ይነሣና ማጅራት አክኮ ይወርዳል። ሌላው ይነሣል። ማጅራቱ ሁሉ ቀልቷል፣ በቅባትም ያብረቀርቃል።

"ስንት ሰው ነው ቅባት የሚቀባው?" ብላ ጠየቀች።

"ሁሉም ማለት ይቻላል" አለች ሲስተር። "የዕድሜ ቆዳ ነው። ሐኪሙ ጽፎታል።"

እትዬ ለምን "እህ" ብላ አለፈች። ገና አልገባትም፤ ግን አንዲት ነገር ከአእምሮዋ ጥግ ትቆረቁራት ጀምራለች።

እማማ ዝም መስኮታቸው ሥር ናቸው። እትዬ ለምን በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እንዴት አደሩ አለች፣ መልስ እንደማይመጣ እያወቀች ጠበቀች። ከዚያ ደህናውን ግራ እጃቸውን ተቀብላ ሜትሯን አንጓቸው ላይ ጠመጠመች። ጣታቸውን አንድ በአንድ ስትለካ የሌባ ጣታቸው ጫፍ ላይ የደደረ ቆዳ አገኘች፤ በጥቃቅን የመርፌ ጠባሳ የተበሳሳ። የራሷን ጣት አጠገቡ አስቀመጠችው። ጠባሳው አንድ ዓይነት ነው፤ የአሮጊቷ ግን የእሷን ሦስት እጥፍ ይሆናል።

"እማማ፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ እንዴ?"

አሮጊቷ ቀና አሉ። አምስት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ "እማማ ይዋጡ"፣ "እማማ ይነሡ" ነበር የሚላቸው፤ ጠይቆ መልስ የጠበቀ አልነበረም። ራሳቸውን አንድ ጊዜ ነቀነቁ። ከዚያ ዓይናቸው ከእትዬ ለምን ፊት ወደ አንገቷ ወረደ። ወደፊት ዘንበል አሉና እጃቸውን ወደ ማጅራቷ ሰደዱ።

"ሲስተር፣ ደግሞ ሰው ያዙ" ብላ ጮኸች አንዷ ተንከባካቢ። ሲስተር እየሮጠች መጣች።

"ተዉኝ" አለች እትዬ ለምን። "ማንም እንዳይነካቸው።"

አልዋሻችሁም፣ ፈርታለች። ግን የማወቅ ፍላጎቷ ከፍርሃቷ በለጠ። ጣቶቹ ጉሮሮዋን አልነኩም። ኮሌታዋን ተከትለው ሄዱና ጥብጣቡ ላይ ቆሙ። ጥፍር ከቋጠሮው ሥር ገባ። አንዱ ላላ። ሁለተኛው ላላ። ሦስተኛው ጋ ትንሽ ትግል ሆነና ክሩ ተስቦ ሲወጣ ማጅራቷ ላይ ቀዝቀዝ ያለ አየር ተሰማት። እፎይ አለች፤ ምን እንዳስጨነቃት ሳታውቅ ነው እፎይ ያለችው።

እማማ ዝም ጥብጣቡን ገለበጡት። የቋጠሮውን ደረቅ ጫፍ በእትዬ ለምን የእጅ አንጓ፣ በስሱ ቆዳ ላይ አስቀምጠው ፈተጉት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቆዳው ቀላ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የተደረደረውን ማጅራት ሁሉ አሳዩዋት።

"ሳሙናው አይደለም ለካ" አለች እትዬ ለምን።

ተነሥታ ወደ ሹፌሩ ሄደች። እኚህ በጉልምስናቸው ከባድ መኪና ይነዱ የነበሩ፣ አሁን ቴሌቪዥኑን የሚነዱ ሰው ናቸው። "አባባ፣ ማጅራትዎን ልየው?" ብትላቸው "አንቺም ልታንቂኝ ነው?" አሉና እያጉረመረሙ አጎነበሱ። ኮሌታቸውን ገለጥ አደረገች። ልክ በጥብጣቡ ስፋት፣ ልክ በቋጠሮው ቦታ፣ ቀይ ሰንበር። ቀጥለው የተቀመጡት ሴትዮም እንዲሁ። ከእሳቸው ቀጥሎም እንዲሁ። አንድ ሰው ብቻ ንጹሕ ማጅራት ይዘው ተገኙ፤ ቁጥር ሠላሳ፣ ፒጃማ ገልባጩ።

"እኔማ ይወጋኛል ብዬ ሦስት ጊዜ ተናግሬ ሦስት ጊዜ 'እሺ አባባ' ተባልኩ" አሉ ተረጋግተው። "ከዚያ ገለበጥኩት።"

ሲስተር መሬት መሬቱን አየች። ከሦስቱ "እሺ አባባ" ሁለቱ የእሷ ነበሩ።

እትዬ ለምን እዚያው ወንበሮቹ መካከል ቆማ ቀረች። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ" አለች። የቤቱን ነገር ሁሉ ለምን ስትል ኖራ የገዛ ስፌቷን አንድ ቀን ለምን ብላው አታውቅም። አሮጊቷ መናገር ባይችሉ ያዩትን ጥፋት በአንድ እጃቸው፣ ከሰው ሰው እየዞሩ ሊያርሙ ተነሡ፤ ሸራ የታዘዘላቸውም ለዚህ ነው።

ምድር ቤት ደርሳ ተመለሰችና ጥብጣቧን በመዳፏ ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። እሱም ሰምቶ ሲያበቃ "የዓርቡ ውሳኔ ውሳኔ ነው" አለ። "አንድ ሰው ቢጎዳ ቤተሰቡ የሚይዘው የእኔን አንገት ነው። ማሳከኩን ደግሞ ሐኪም የዕድሜ ቆዳ ነው ብሏል።"

"እርስዎ ቆዳዎ አላረጀም አይደል?"

"ምን ለማለት ነው?"

ከጀርባዋ ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዝ አወጣች። በእሱ ልክ መርጣ፣ ቁጥር በራሷ አሰፋፍ ሰፍታበታለች። "እስከ ምሳ ይልበሱልኝ። ካላሳከከዎት ከረጢቱን ዛሬውኑ ሰፍቼ አስረክባለሁ።"

ሳቀ፤ ውርርድ የሚወድ ሰው ነውና ለበሰው። አምስት ሰዓት ላይ ስብሰባ ሲመራ በእስክሪብቶው ማጅራቱን ሲያክክ ታየ። አምስት ተኩል ላይ ማስመሪያ አንሥቷል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዙን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚያ ሲወርድ የመጀመሪያው ነበር፣ በሩን እንኳ ጠይቆ ነው ያገኘው።

"ሰዎቹ ይህን ለብሰው ይተኛሉ?"

"ለብሰው ይተኛሉ፣ ለብሰው ይነሣሉ።"

"ማነው የሰፋው?"

እዚህ ላይ "ከእኔ በፊት የነበረ ልማድ ነው" ብትል ማን ያውቅባት ነበር? እንጀራዋ ናት፣ ሌላ ሥራ የላትም። ግን "እኔ ነኝ" አለች። "ሃያ ሁለት ዓመት እኔ ነኝ። ከረጢቱን ግን አልሰፋሁትም፣ አልሰፋውምም።"

ሥራ አስኪያጁ የተገለበጠ የልብስ ቅርጫት ላይ ተቀመጠ። ማጅራቱን ዳሰሰ። "አይሰፋ" አለ በመጨረሻ። "እማማም የትም አይሄዱ። ቁጥሩ የት ቢሆን ይሻላል?"

"እኔን አይጠይቁኝ" አለች እትዬ ለምን። "ባለሙያዋ ላይ አሉ።"

ባለሙያዋ አላመነቱም። ሸሚዙን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን ከታችኛው ጠርዝ፣ ከጎን ስፌቱ ጋ፣ ከውጭ በኩል አስቀመጡ። ወፍራሙን ክር ወደ ጎን ገፍተው ከእትዬ ለምን ሣጥን ቀጭን የጥጥ ክር መረጡ። ቋጠሮም አልፈለጉም፤ ክሩን መልሶ በስፌቱ ውስጥ ማሳለፍን በአንድ እጃቸው አሳዩዋት፣ አልሆንላት ሲል ተረተሩባት፣ እንደገና አሳዩዋት። ሦስት ጊዜ ተርትረውባት አራተኛው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆንኩ ብላ ሳቀች፤ አሮጊቷም ሳቁ፣ በዚያ ቤት ሲስቁ ሲታዩ የመጀመሪያቸው ነው።

ሐሙስ መጣ። ከረጢቱ ሊደርስ የተባለበት ቀን። ሁለቱ ሴቶች መስኮቱ ሥር ጆንያ ሙሉ ልብስ ከበው ተቀመጡ፤ አንዷ መርፌ ይዛ፣ አንዷ እየተረተሩ። ወንበሮቹን ማን እንዳዞራቸው እንጃ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እነሱ አድርጎ ያያል። ሹፌሩ የለበሱትን ሹራብ ሊያስተርትሩ መጡና ጀርባቸውን ሰጥተው "እጅዎን ግን ቀስ፣ የአንገቴ ፍሬን እንደድሮው አይደለም" አሉ። እትዬ ለምን እያንዳንዱን ሰው የልብሱን ቁጥር ከማንሣቷ በፊት ሥራው ምን እንደነበር፣ ምን እንደሚወድ ትጠይቃለች። ሲስተር ከጎኗ ቆማ በየማኅደሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ትጽፋለች። በእማማ ዝም ማኅደር ላይ "ልብስ ሰፊ" ብላ ጽፋ፣ "ባሕርይ" የሚለውን መስመር ሰርዛዋለች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ለምን ከጆንያው ሥር አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ አወጣች። ይህ ከላይ የወረደ አልነበረም፣ ራሷ ናት ከቁም ሣጥኗ አውጥታ ያመጣችው። ቁጥር ሃያ አንድ። የጋሽ መምህር ነው። ከሞቱ በኋላ ወሳጅ አጥቶ እሷ ዘንድ ቀርቶ ነበር። ኮሌታው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። በሳሙና፣ በሎሚ፣ በፈላ ውሃ ሞክራ ያላስለቀቀችው እድፍ እሱ ብቻ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ይሆን ስትል ኖራለች።

ኮሌታውን ገለጠችው። እድፉ ሦስት ቦታ ነው፣ ሦስቱም ከሦስቱ ቋጠሮዎች ሥር።

ያን ጊዜ ለእማማ ዝም ነገረቻቸው። ሌላ ማንም እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከረጢቱን፣ የታኘከውን ጫፍ፣ አጥባ ጠግና መመለሷን። "ማጅራታቸውን የወጋሁት እኔ፣ የሚያክኩበትን እጅ ያሰርኩት እኔ" አለች። "ሁሉን ነገር ለምን እላለሁ፣ እማማ። ያን ቀን ብቻ አላልኩም።" እንባዋ ሸሚዙ ላይ ወረደ፣ ልትጠርገውም አልሞከረች።

እማማ ዝም እስክትጨርስ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ከዚያ ሸሚዙን ከእጇ ተቀበሉ። ሰው እንደለበሰው ሁሉ በጣም ቀስ ብለው ሦስቱንም ቋጠሮ ፈቱ፣ ክሩን ሳይበጥሱ ሳቡ፣ ጥብጣቡን አነሡ። ሸሚዙን በአንድ እጃቸው አጣጥፈው እትዬ ለምን ጭን ላይ አኖሩላት፣ እጃቸውንም እላዩ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ።

ከዚያ ወደ ጆንያው ዘንበል ብለው ቀጣዩን ሹራብ አወጡና ሰጧት። ገና አሥራ ዘጠኝ ልብስ ይቀር ነበር።